ምዕራፍ ስድስት፦ ጥላው ይቅደም

በካፋ ደን ውስጥ ወደ ጅረት ሸለቆ ቁልቁል የሚወርድ ሰው የአየሩን መለወጥ ከዓይኑ በፊት ቆዳው ይነግረዋል። ላይ፣ ቡናው መካከል፣ ቀትሩ ይሞቃል፤ ነፋሱም ቅጠሉን ያወዛውዛል። ጥቂት ዝቅ ሲሉ ነፋሱ ይቆማል፣ ብርሃኑ ይለዝባል፣ ድንጋዩም ግንዱም አረንጓዴ ለብሶ ይታያል። ዛፍ የሚያህለው ፈርን የሚገኘው እዚያ ነው። ቀጭን ግንዱ ከሰው ቁመት በላይ ቀጥ ብሎ ይወጣና ቅጠሎቹን ከአናቱ ላይ ብቻ ዙሪያውን ይዘረጋል። የቅጠሉን ዘንግ ከግርጌው ለመያዝ የሞከረ ሰው እሾኹ ያስጠነቅቀዋል። ሳይንሳዊ ስሙ አልሶፊላ ማኒያና ነው፤ የቆዩ መጻሕፍት ሳያቲያ ማኒያና ይሉታል።

እንዲህ ያለውን ተክል አይቶ በግቢው እንዲኖረው የተመኘ ሰው አይፈረድበትም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን የሚከተለው ነው። ችግኙ ይመጣል፤ ሁሉም እንዲያየው ግቢው መሀል፣ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ ይተከላል፤ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። በጋው ሲገባ የቅጠሉ ጫፍ ይነድዳል፤ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ከቀደመው ያንሳል፤ በመጨረሻም ተክሉ ይደርቃል። ባለቤቱ ውሃ ያነሰው ይመስለዋል። ውሃ ግን አላነሰውም። ተክሉ መጣ እንጂ ሸለቆው አልመጣም።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው። ትልልቅ ፈርኖችን ማሳደግ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ጥላ ይትከል፤ ቀጥሎ አየሩን ያረጋጋ፤ ከዚያ አፈሩን ያለስልስ። ፈርኑ የሚገባው ከሁሉም በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሰው ብዙ ሳይደክም ያሳድጋል፤ የገለበጠው ግን በውሃና በማዳበሪያ ብዛት ሊክሰው አይችልም። ምክንያቱን ለመረዳት ተክሉ ራሱ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል።

በተረፈ ብርሃን የሚኖር ተክል

ፈርኖች በምድር ላይ ከ350 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ኖረዋል። አበባ የሚያወጣ ተክል ገና ባልነበረበት ዘመን እነሱ ነበሩ። በዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ፈርንን ዘመኑ ያለፈበት፣ ከጥንት ተርፎ የቀረ ተክል አድርጎ ያስበዋል። እውነታው የበለጠ የሚያስገርም ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት 10,500 ያህል የፈርን ዝርያዎች አብዛኞቹ የተበራከቱት አበባ የሚያወጡ ዛፎች ደኑን ከያዙት በኋላ፣ በእነዚያው ዛፎች ጥላ ሥር እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2004 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አሳይቷል። ዛፎቹ ከላይ ያለውን ብርሃን ሲቀራመቱት ፈርኖቹ ከሥር የተረፈውን መጠቀም ተማሩ።

እንዴት እንደተማሩም በከፊል ይታወቃል። ብዙ ፈርኖች ኒዮክሮም የሚባል ብርሃን የሚለይ ፕሮቲን አላቸው። ይህ ፕሮቲን ቀዩንም ሰማያዊውንም ብርሃን በአንድነት ስለሚያነብ ተክሉ በደብዛዛ ቦታ እንኳ ብርሃኑ ወዳለበት እንዲዞር ይረዳዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ምርምር ደግሞ የዚህ ፕሮቲን ጂን ሆርንወርት ከሚባሉ፣ መሬት ላይ ተለጥፈው ከሚኖሩ ጥቃቅን ተክሎች ወደ ፈርኖች ተሻግሮ የመጣ መሆኑን ገልጿል። በውርስ ከወላጅ ወደ ልጅ ሳይሆን ከአንድ ዘር ወደ ሌላ ዘር የተላለፈ ማለት ነው። ለጥላ ኑሮ እንዲህ የተዘጋጀን ተክል ቀትር ፀሐይ ላይ ማቆም አፈጣጠሩን መቃወም ነው። ቅጠሉ ስስና ሰፊ ስለሆነ ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ ብርሃን ይቀበላል፤ መጀመሪያ ይገረጣል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያም ይቃጠላል።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃ የሚወጣበት መንገድ ነው። አብዛኞቹ አበባ የሚያወጡ ዛፎች ውሃን ከሥር ወደ ቅጠል የሚስቡት ቬሰል በሚባሉ ሰፋ ያሉ ረጃጅም ቱቦዎች ነው። ፈርኖች ግን ከጥቂቶች በቀር ያላቸው ትራኪድ የሚባሉ ጠባብ ሕዋሶች ናቸው፤ ውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው በጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። አየሩ እርጥብና የተረጋጋ ሲሆን ይህ መንገድ ይበቃል። ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ግን ቅጠሉ በአንድ ሰዓት የሚያጣውን ውሃ ቱቦዎቹ በአንድ ሰዓት ማድረስ ያቅታቸዋል። ሥሩ ጭቃ ውስጥ ቆሞም እንኳ የቅጠሉ ጫፍ ይደርቃል። ውሃ እየጠጣ የሚደርቅ ፈርን ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ የጎደለው አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው።

የትኛውን እንትከል?

ከሁሉም ግዙፉ አንጂኦፕተሪስ ኤቬክታ ነው። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ እስከ ፓስፊክ ደሴቶችና እስከ አውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ባሉ እርጥብ ደኖች ይገኛል። አንዱ ቅጠሉ ከነዘንጉ እስከ 9 ሜትር ይደርሳል። ይህን የሚያህል ቅጠል ይዞ የሚያቆመው ዘንግ ግን እንጨት የለውም። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሕዋሶቹ ውስጥ በታመቀው ውሃ ግፊት ነው፤ ውሃ የሞላ ስልቻ ቀጥ ብሎ እንደሚቆመው፣ ሲጎድልም እጥፍ ብሎ እንደሚወድቀው። ስለዚህ ይህ ፈርን ሥሩ አንድም ቀን መድረቅ የለበትም።

በየአገሩ የችግኝ ገበያ በብዛት የሚሸጠው የዛፍ ፈርን ደግሞ ከአውስትራሊያ የተገኘው ሳያቲያ ኩፐሪ ነው። ግንዱን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው በቀላሉ ይለየዋል። ያረጁት ቅጠሎች ሲወድቁ በግንዱ ላይ ጥርት ያለ ሞላላ ጠባሳ ይተዋሉ፤ ጠባሳዎቹም ከታች እስከ ላይ በረድፍ ይደረደራሉ። አዲስ የሚወጣው ጥምዝ ቅጠል ነጣ ባለ ቅርፊትና ጸጉር ተሸፍኖ ይመጣል፤ ይህ ጸጉር ቆዳና ዓይን ስለሚያሳክክ የደረቀ ቅጠል የሚቆርጥ ሰው ጓንት ማድረግና ፊቱን መከለል ይገባዋል። በተመቸው ቦታ ከ10 ሜትር በላይ ያድጋል።

እነዚህ ሁለቱ ሊደነቁ የሚገባቸው ቢሆኑም ለእኛ ደቡብ ምዕራብ ደኖች አካባቢ አልመክራቸውም። ምክንያቱን ምዕራፉ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። በጅማ፣ በቦንጋ፣ በሚዛንና በመሰል እርጥብ ወይና ደጋ ለሚኖር ሰው የሚገባው የዛፍ ፈርን የራሳችን አልሶፊላ ማኒያና ነው።

በግንድ ላይ የሚቀመጠው አስፕሌኒየም ኒደስ፣ በተለምዶ የወፍ ጎጆ ፈርን የሚባለው፣ ለጀማሪ ከሁሉም ይቀላል። ያልተከፋፈሉ ሰፋፊ ቅጠሎቹ ከአንድ ማዕከል ዙሪያውን ይወጣሉ፤ ርዝመታቸው ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ከዛፉ የሚወድቀውን ቅጠል በመሀሉ ይሰበስባል፤ የተሰበሰበው ይበሰብሳል፤ ተክሉም ከዚያው ይመገባል። ይህ ጎጆ የያዘው ሕይወት ብዛት ሳይንቲስቶችን አስገርሟል። በቦርኒዮ ደሴት ዛፎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ትልልቆቹ ፈርኖች እስከ 200 ኪሎ ግራም እንደሚመዝኑ፣ በአንዱ ትልቅ ፈርን ውስጥ የሚኖሩት ነፍሳትና መሰሎቻቸው ክብደትም በቀረው የዛፉ አክሊል ካሉት ሁሉ ጋር ሊስተካከል እንደሚችል አሳይቷል። በግቢያችን አንድ የወፍ ጎጆ ፈርን ሰቀልን ማለት ለብዙ ፍጥረት ቤት ሠራን ማለት ነው።

አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ የሚኖር ሰው ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን የሌሊት ብርድ ማሰብ አለበት። እዚያ ለወፍ ጎጆ ፈርን የተከለለ በረንዳ ወይም ቤት ውስጥ ይሻለዋል። ለደጁ የሚመቸው በየበረንዳው ተንጠልጥሎ የምናውቀው የቦስተን ፈርን፣ ማለትም ኔፍሮሌፒስ ነው። ከሥሩ የሚወጡት ቀጫጭን ክሮች አፈር በነኩበት ሁሉ አዲስ ችግኝ ስለሚያበቅሉ አንድ ማሰሮ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሙሉ መደብ ይሸፍናል።

ጥላውን መትከል

ጥላ ስንል ጨለማ ማለታችን አይደለም። ጥቅጥቅ ባለ ሐሩር ደን ወለል ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከላይ ካረፈው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው። እዚያም የሚኖር ፈርን አለ፤ እድገቱ ግን እጅግ ዝግ ያለ ነው። ለጓሮ የሚመቸው ከሙሉው ፀሐይ ሩብ ወይም ሲሶ ያህሉ በቅጠሎች መካከል እየሾለከ የሚገባበት ቦታ ነው። ይህን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ቀትር ላይ ነጭ ወረቀት መሬት ላይ ያስቀምጡና እጅዎን ከወረቀቱ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገው ይያዙ። የእጅዎ ጥላ ጠርዙ ጥርት ብሎ ከታየ ብርሃኑ በዝቷል። ጥላው እየታየ ጠርዙ ከደበዘዘ ቦታው ለፈርን ተስማሚ ነው። ምንም ጥላ ካልታየ ጨለማው በዝቷልና ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ ሳሳ ማድረግ ይገባል።

እንዲህ ያለውን ጥላ መሥራት የጅማና የካፋ ቡና ገበሬ ከማንም በተሻለ ያውቀዋል፤ ቡናና ፈርን የሚፈልጉት ጥላ ተቀራራቢ ነውና። ሰሳ ቅርንጫፎቹ ወደ ጎን ሰፍተው የሚዘረጉ፣ ቅጠሎቹ ደቃቅ የሆኑ ዛፍ ስለሆነ ብርሃኑን በመጠኑ አጣርቶ ያወርዳል። የብርብራ ቅጠል ቶሎ ስለሚበሰብስ ከጥላው በተጨማሪ አፈሩን ያለመልማል። ዋንዛም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በበጋ ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ጥላ በሚያስፈልግበት ወቅት ብቻውን አይታመንም፤ ከሌላ ዛፍ ጋር ይተከል። ባህር ዛፍ ግን ፈርን ባለበት አይቁም። ሥሩ ውሃውን ይሻማል፤ ቅጠሉም ከሥሩ ሌላ ተክል እንዳይበቅል ያስቸግራል።

ዛፍ እስኪያድግ መጠበቅ ግድ ነው። በዚህ መካከል እንሰትና ሙዝ ፈጥነው ይደርሳሉ። ሰፊው ቅጠላቸው ጥላ ይሰጣል፣ ነፋስ ያበርዳል፣ በዙሪያው ያለውንም አየር ያረጥባል። ከሁሉ በላይ በምዕራብ በኩል ይተከሉ፤ ፈርንን የሚገድለው ከቀትር በኋላ ያለው ፀሐይ ነውና። እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት የሚያገኘው የጠዋት ፀሐይ አይጎዳውም። የጥላ መረብ መጠቀም የሚፈልግም 70 በመቶ ያህል ብርሃን የሚከለክለውን ይምረጥ።

ዛፍ የሌለው ጠባብ ግቢ ያለው ሰው የቤቱን ግድግዳ ሊጠቀም ይችላል፤ በአገራችን ደግሞ ይህ ልዩ ጥቅም አለው። በበጋው ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በታኅሣሥ ቀትር ላይ 3 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ባለው አካባቢ ወደ ሰሜን በኩል ሁለት ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። በክረምት ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ብታዘነብልም ደመናው ይሸፍናታል። ስለዚህ የቤቱ ሰሜናዊ ጥግ ደረቁ ወቅት በጠነከረበት ጊዜ ጥላ ያገኛል። ግቢው ውስጥ ምንም የማይበቅልበት የሚመስለው ያ ጥግ ብዙ ጊዜ ለፈርን ከሁሉ የተሻለው ቦታ ነው።

አየሩን ማረጋጋት

የአየርን ጉዳይ ለዓለም ያስተማረው በጠርሙስ ውስጥ የበቀለ አንድ ፈርን ነው። ናትናኤል ባግሾው ዋርድ ለንደን ውስጥ ይኖር የነበረ ሐኪም ነበር። ፈርኖችን በግቢው ለማሳደግ ደጋግሞ ቢሞክርም የከተማው የከሰል ጭስ አጠፋበት። እ.ኤ.አ. በ1829 ገደማ የእሳት እራት ሙሽሬ ወደ እራት ሲለወጥ ለማየት እርጥብ አፈር ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ከደነው። ከጊዜ በኋላ ከአፈሩ ውስጥ ፈርንና ሣር በቅለው አገኘ። ከአፈሩ የሚተነው ውሃ በመስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይወርዳል፤ ጭሱም ደረቅ አየሩም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1833 በዚሁ ዘዴ የተሠሩ የመስታወት ሣጥኖች ተክል ተሞልተው በመርከብ ወደ ሲድኒ ተላኩ፤ ያን ሁሉ ወራት ባሕር ላይ ቆይተው ተክሎቹ በሕይወት ደረሱ። ያው አፈርና ያው ውሃ አስቀድሞ አልጠቀመም ነበር፤ ለውጡን ያመጣው የአየሩ መከለል ብቻ ነው።

ጓሮን በመስታወት መክደን አይቻልም፤ ነፋሱን ማቆም ግን ይቻላል። የበጋው ደረቅ ነፋስ በአብዛኛው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚመጣ በዚያ በኩል ጥቅጥቅ ያለ የቁጥቋጦ አጥር ይተከል። የግንብ አጥር ነፋሱን ከላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ እንዲሽከረከር ስለሚያደርገው ሕይወት ያለው አጥር ይመረጣል። ሁለተኛው ዘዴ ተክሎችን ማቀራረብ ነው። ብቻውን የቆመ ፈርን ቅጠሉ ያወጣውን እርጥበት ነፋስ ይወስድበታል፤ ተቀራርበው የቆሙት ግን አንዱ ያወጣውን ሌላው ይጠቀምበታል። ሦስተኛው መሬቱን መሸፈን ነው። በአንድ እጅ ውፍረት የተጎዘጎዘ የደረቀ ቅጠል ሥር ያለው አፈር ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እርጥበት ይለቃል፤ ፈርኑ የሚፈልገውም እንዲህ ያለውን ነው። ቀትር ላይ ቅጠሉን ውሃ መርጨት ግን የሚጠቅመው ለደቂቃዎች ብቻ ነው።

አፈርና ውሃ

የፈርን ሥር ጥቁርና ክር የመሰለ ቀጭን ነው፤ ከላይኛው የአፈር ድርብ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው ሰፊና ለስላሳ መደብ ነው። የጅማና የካፋ ቀይ አፈር አሲዳማነቱም ውሃ ማሳለፉም ለፈርን ይስማማዋል፤ አብዛኞቹ ትልልቅ ፈርኖች የሚወዱት የፒኤች መጠን ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። የመረሬ አፈር ያለው ሰው ግን ፈርኑን በቀጥታ ባይተክል ይሻላል። መረሬ በክረምት ውሃ አቁሮ ሥሩን ያፍነዋል፣ በበጋ ሲሰነጠቅ ደግሞ ይበጥሰዋል። እንዲህ ባለ ቦታ መደቡን ከመሬት ሁለት ስንዝር ከፍ አድርጎ በድንጋይ ማስያዝና ሌላ አፈር ማምጣት ይገባል። ጥሩ ድብልቅ የሚባለው እኩል መጠን ያለው ቀይ አፈርና በደንብ የበሰበሰ ቅጠል ሲሆን፣ ውሃ እንዲያሳልፍ የገል ስብርባሪ ወይም ገረገንቲ ይጨመርበታል።

በቡና አገር የቡና ገለባ በገፍ ይገኛል። ትኩስ ገለባ ግን ሲበሰብስ ይሞቃል፤ ናይትሮጂኑንም ከአፈሩ ይወስዳል። ክረምት ከበጋ ተቆልሎ ከበሰበሰና ጠቁሮ የአፈር ሽታ ካመጣ በኋላ ጥሩ ጉዝጓዝ ይሆናል። ዩሪያም ሆነ ትኩስ ፍግ ቀጭኑን ሥር ስለሚያቃጥል ለፈርን አይሰጥም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በክረምት መግቢያና መውጫ፣ ስስ ኮምፖስት ከጉዝጓዙ ሥር ማልበስ ይበቃዋል።

የሚተከልበት ጊዜ ዝናቡ ከጸና በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው። ሲተከል ቅጠሎቹ የሚወጡበት አናት በአፈር መሸፈን የለበትም። የዛፍ ፈርን የሚያድገው ከዚያ ከአንዱ አናት ብቻ ስለሆነ አናቱ ከበሰበሰ ወይም ከተሰበረ ቅርንጫፍ አውጥቶ አይተካውም፤ ተክሉ በዚያው ያበቃል። በበጋ ውሃው ጠዋት በዝግታ ይጠጣ። የዛፍ ፈርን ግንድ ላዩን የሸፈኑት ሥሮች እርጥበት ስለሚወስዱ ግንዱንም ማራስ ይጠቅመዋል። የደረቁት ቅጠሎች ግንዱን ተንተርሰው ሲንጠለጠሉ ለማሳመር ብሎ ከመቁረጥ በጋው እስኪያልፍ መተው ይሻላል፤ ግንዱን ከብርድና ከድርቀት ይጠብቁታል።

የተክሉን ጤንነት ለማወቅ ያረጁትን ቅጠሎች ሳይሆን አናቱን ይመልከቱ። አዲሱ ቅጠል ተጠምዞ፣ በቅርፊት ተሸፍኖ ይወጣና ከሥር ወደ ጫፍ ቀስ በቀስ ይዘረጋል። ሲዘረጋ ከቀደመው ከረዘመ ቦታው ተስማምቶታል፤ ካጠረ ወይም ሳይፈታ ጫፉ ከጠቆረ አየሩ ደርቆበታል። ከቅጠሉ ጀርባ በረድፍ የተደረደሩ ቡናማ ነጥቦችን አይቶ ተባይ ነው ብሎ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ብዙ ነው። እነዚያ ነጥቦች የስፖር ከረጢቶች ናቸው። ተባይ ከሆነ በጥፍር ሲነካ ይነሣል፤ አቀማመጡም ሥርዓት የለውም። ፈርን በተባይ መድኃኒትና በዘይት ቶሎ ስለሚጎዳ ተባዩን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይመረጣል።

ከብናኝ ወደ ዛፍ

ፈርን አበባም ፍሬም የለውም። ሰዎች ለብዙ ዘመናት እንዴት እንደሚራባ አያውቁም ነበር። በጃማይካ ይኖር የነበረው ሐኪም ጆን ሊንድሴይ ከቅጠሉ ጀርባ የሚረግፈውን ብናኝ ዘርቶ ፈርን ማብቀሉን የሚገልጽ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1794 አሳተመ። ሙሉውን ምሥጢር የገለጠው ግን ጀርመናዊው ቪልሄልም ሆፍማይስተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1851 ባወጣው ሥራ ፈርን ሁለት የተለያዩ ሕይወቶችን እየተፈራረቀ እንደሚኖር አሳየ። ስፖሩ ሲበቅል በቀጥታ ፈርን አይሆንም። መጀመሪያ ከጥፍር የማይበልጥ፣ የልብ ቅርጽ ያለው ስስ አረንጓዴ ተክል ይሆናል፤ ስሙ ፕሮታለስ ነው። የወንዴውና የሴቴው ሕዋስ የሚፈጠሩት በዚህች ትንሽ ተክል ሆድ ሥር ሲሆን የወንዴው ሕዋስ ወደ ሴቴዋ የሚደርሰው በውሃ ላይ ዋኝቶ ነው። የምናውቀው ፈርን የሚወለደው ከዚያ ግንኙነት ነው። ያ ጠብታ ውሃ ከሌለ ፈርን የለም።

ይህን ያወቀ ሰው ቤቱ ውስጥ ሊደግመው ይችላል። ነጥቦቹ መጥቆር የጀመሩበትን የቅጠል ቁራጭ ጀርባውን ወደ ታች አድርገው በነጭ ወረቀት መካከል ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያስቀምጡ፤ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ይረግፋል። በትንሽ ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ የተነፋ የጫካ አፈር አድርገው የፈላ ውሃ ያፍስሱበት፤ ይህም በአፈሩ ውስጥ ያለውን የሌላ ተክል ዘርና ሻጋታ ያጠፋል። ሲቀዘቅዝ ብናኙን ሳስቶ እንዲያርፍ ይነስንሱትና ከድነው ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት በሳምንታት ውስጥ አፈሩ ላይ ስስ አረንጓዴ ሽፋን ይታያል፤ በሁለት ሦስት ወር የልብ ቅርጾቹ ይለያሉ። በዚህ ጊዜ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በጥቂቱ ይርጩባቸው፤ ግንኙነቱ የሚፈጸመው በዚያ ውሃ ነው። የመጀመሪያዎቹ እውነተኛ ቅጠሎች ብቅ ሲሉ ክዳኑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀን በቀን እየገለጡ አየሩን ያለማምዷቸው። መሬት ላይ ለመትከል የሚበቁት ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው።

ከጫካው አትንቀሉ

ከስፖር ማሳደግ ረጅም መንገድ ነው። አጭሩ መንገድ ከጫካ መንቀል ይመስላል። ነገር ግን ያደገ የዛፍ ፈርን ሲነቀል ሥሩ ስለሚበጣጠስ ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ ጫካውም ለአሥርተ ዓመታት ያሳደገውን ያጣል። በዓለም ዙሪያ የዛፍ ፈርን ግንድ ለኦርኪድ ማሳደጊያ እየተባለ በብዛት ስለተቆረጠ የሳያቲያ ወገን ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል። በአገራችን የካፋና የያዩ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2012 የዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ሆነው ተመዝግበዋል። እነዚህን ፈርኖች የያዙት ሸለቆዎች ጥበቃ የሚገባቸው ናቸው። ከወደቀ ወይም ካረጀ ቅጠል የተወሰደ አንድ ቁራጭ ግን በሺህ የሚቆጠር ስፖር ይሰጣል፤ ደኑም አይጎዳም።

የውጭ ዝርያ ከማምጣት እንድንቆጠብ ያልኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሳያቲያ ኩፐሪ ወደ ሃዋይ የገባው ለግቢ ማስዋቢያ ነበር። ስፖሩ በነፋስ ስለሚጓዝ ከተተከለበት ግቢ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ደኑ ውስጥ ገባ፤ ከአገሩ የዛፍ ፈርን ከሃፑኡ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚያድግም ቦታውን ይነጥቀዋል። አንጂኦፕተሪስም በሃዋይና በጃማይካ ተመሳሳይ ችግር አስከትሏል። አጥር ስፖርን አያቆምም። ከሸካ ወይም ከካፋ ደን አጠገብ የውጭ የዛፍ ፈርን የሚተክል ሰው ውሳኔው በግቢው ብቻ አይቀርም፤ የደኑም ዕጣ ይሆናል። የራሳችን ዝርያ ግን እዚያው የኖረ ነው፤ ስፖሩ አጥር ቢሻገር የሚሄደው ወደ ቤቱ ነው።

ሥራው እንግዲህ በሁለት በኩል በአንድ ጊዜ ይጀመር። በዚህ ክረምት መጀመሪያ ሰሳና ብርብራው በምሥራቅና በምዕራብ፣ እንሰቱ በመካከላቸው ይተከል፤ በዚያው ሳምንት ስፖሩ በተከደነው ዕቃ ላይ ይነስነስ። እንሰቱ በዓመቱ ነፋሱን መግታት ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ የፈርን ችግኞች መሬት ለመንካት ሲደርሱ ዛፎቹ ገና ወጣት ይሆናሉ፤ በእንሰቱ እየታገዙ ግን የሚበቃ ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸውም የሁለትና የሦስት ዓመት ቅጠል በስብሶ አፈሩን አልስልሶት ይገኛል። መጠበቁ የባከነ ጊዜ አይደለም፤ ፈርኑ የሚኖርበት ቦታ የሚሠራው በዚያ ጊዜ ነው።